የአንድ ኮሌጅ ታሪክ፦ በመዝገብ ቤቱና ከመዝገብ ቤቱ ውጭ



የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እንዲቆም ምክንያት የሆነው ወባ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1953 ከጣና ሐይቅ በስተ ሰሜን በተንጣለለው የደምቢያ ሜዳ ወረርሽኝ ገብቶ ወደ 7,000 የሚጠጋ ሰው ፈጀ። ደምቢያ ለም ምድር ነው፤ ነገር ግን ጥቁር አፈሩ ውኃ ያቁራል። ዝናቡ በርትቶ በከረመበት ዓመት ውኃው በየጉድጓዱ ይተኛል፣ ትንኝዋ ትራባለች፣ ወባ በየዓመቱ የማይጎበኘው ሰው ደግሞ ሰውነቱ በሽታውን አልለመደምና ቶሎ ይሸነፋል። ወረርሽኙ የሚበረታው አዝመራው ሊሰበሰብ በደረሰበት ወቅት በመሆኑ፣ ከሞት የተረፈውም ቤተሰብ እህሉ ማሳ ላይ ይቀርበታል። እናንተ የሳንጃና የአካባቢዋ ነዋሪዎች ይህን ከእኔ መስማት አያስፈልጋችሁም። ለአጨዳና ለአረም ከደጋ ወደ አርማጭሆ ቆላ የሚወርደውን ወጣት በየዓመቱ ታዩታላችሁ፤ ስንቱ ታሞ እንደሚመለስም ታውቃላችሁ።

በዚያን ጊዜ በኢትዮጵያ ሐኪም የሚያሠለጥን አንድም የሕክምና ትምህርት ቤት አልነበረም። የአዲስ አበባው የሕክምና ፋኩልቲ የተከፈተው በአውሮፓውያኑ 1964 ነው፤ ከጎንደሩ ኮሌጅ ዐሥር ዓመት ዘግይቶ። የነበሩት ጥቂት ሐኪሞች አብዛኞቹ የውጭ ዜጎች ሲሆኑ የሚኖሩትም በአዲስ አበባና በትልልቅ ከተሞች ነበር። ስለዚህ አንድ ደፋር ውሳኔ ተወሰነ። ሐኪም እስኪበዛ ድረስ ገበሬው አይጠብቅም፤ ይልቅስ ገጠር ገብተው በአንድነት የሚሠሩ ሦስት ዓይነት ባለሙያዎች ይሠልጥኑ ተባለ። እነሱም የጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና ሳኒቴሪያን ናቸው። የጤና መኮንኑ ያክማል፣ ጣቢያውንም ይመራል። ነርሷ እናቶችንና ሕፃናትን ቤት ለቤት ትከታተላለች። ሳኒቴሪያኑ ምንጭ ያጎለብታል፣ ሽንት ቤት ያስቆፍራል፣ የቆመ ውኃ ያስፈስሳል። ሦስቱ በአንድ ጤና ጣቢያ ሆነው ያገለግላሉ። ኮሌጁ በ1947 ዓ.ም. ጎንደር ላይ ሲከፈት የኢትዮጵያ መንግሥት፣ የአሜሪካ መንግሥት የፖይንት ፎር እርዳታ፣ የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ተባብረውበታል። የተማሪዎቹ የመስክ ማሠልጠኛም ወረርሽኙ በመታው በደምቢያው ቆላ ድባ ጤና ጣቢያ ሆነ።

እኔ ልናገር የመጣሁት የዚህን ኮሌጅ ታሪክ ከወረቀቶቹ እንዴት ማንበብ እንደሚቻል ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ ያለኝን አቋም አስቀድሜ ልናገር። ኮሌጁ የተመሠረተው ከግቢው ወጥቶ እንዲሠራ ነው፤ ስለዚህ ታሪኩም ከግቢው ውጭ ነው ያለው። ጎንደር ተቀምጦ መዝገብ ቤቱን ብቻ የሚያገላብጥ ሰው የዲኖችና የሕንፃዎች ታሪክ ይጽፋል። የኮሌጁን ታሪክ የሚጽፍ ግን ቆላ ድባ፣ ዳባትና ሳንጃ ድረስ መምጣት አለበት።

መጀመሪያ ወረቀቶቹ የት እንደሄዱ እንይ። አራት አጋሮች በጋራ ያቋቋሙት ኮሌጅ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በአራት ቦታ ፋይል ይከፈትለታል። የአሜሪካኖቹ ሪፖርት ወደ ዋሽንግተን ሄደ፤ ዛሬም የዚያ ዘመን የውጭ እርዳታ መሥሪያ ቤቶች መዛግብት በአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ይገኛሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች ደግሞ መንገዳቸው ሌላ ነው። በዚያን ጊዜ ኢትዮጵያ በድርጅቱ አከፋፈል በምሥራቅ ሜዲትራኒያን ክፍል ስለነበረች፣ ሪፖርታቸው የሚሄደው በግብፅ እስክንድርያ ወደነበረው የክፍሉ ጽሕፈት ቤት ነበር፤ ዋናው መሥሪያ ቤት ደግሞ ጄኔቫ። የዩኒሴፍ ኒውዮርክ ነው። በ1954 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በይፋ ሲመረቅ የጎንደሩ ኮሌጅ ከዐለማያው የእርሻ ኮሌጅና ከሌሎቹ ጋር በሥሩ ገባ፤ ከዚያ በኋላ የአካዳሚክ ደብዳቤው ወደ ስድስት ኪሎ ይሄድ ጀመር። በአውሮፓውያኑ 1978 ደግሞ ከምሥራቅ ጀርመኑ የላይፕዚግ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር የሐኪሞች ትምህርት ሲከፈት ፋይሉ ጀርመንኛ መናገር ጀመረ።

እንግዲህ የደምቢያ ገበሬ ታሪክ በእንግሊዝኛ፣ በአማርኛና በጀርመንኛ ተጽፎ በሦስት አህጉር ተበተነ ማለት ነው። ይህ የሚያሳዝን ብቻ አይደለም፤ የሚያተርፈው ነገርም አለ። እዚህ አገር በጦርነት፣ በቢሮ ዝውውር ወይም በምስጥ የጠፋ ደብዳቤ ተቀባዩ ዘንድ ቅጂው ሊኖር ይችላል። የዐለማያ ኮሌጅ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። የኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ከ1952 እስከ 1968 (በአውሮፓውያኑ) ዐለማያን ሲያቋቁምና ሲያግዝ የተጻፈውን ወረቀትና የተነሣውን ፎቶግራፍ በራሱ ቤተ መጻሕፍት ሰብስቦ አስቀምጧል። የጎንደር ኮሌጅ እንደዚያ ያለ አንድ ባለቤት አልነበረውም። ስለዚህ የእሱን ታሪክ የሚሻ ሰው ብዙ በር ማንኳኳት ግድ ይለዋል።

በር ሲያንኳኳ የሚጠብቀው የመጀመሪያው ወጥመድ ዓመተ ምሕረት ነው። አንድ ወረቀት ላይ «1954» ተብሎ ብቻ ተጽፎ ታገኛላችሁ እንበል። በአውሮፓውያኑ ከሆነ ኮሌጁ የተከፈተበት ዓመት ነው። በእኛ ከሆነ ወደ ዩኒቨርሲቲው የተጠቃለለበት ነው። በመካከሉ ሰባት ዓመት አለ። እንግሊዝኛ የተጻፈ ሁሉ በአውሮፓውያኑ ነው ብሎ መገመትም ያሳስታል፤ የመንግሥት በጀት በሐምሌ ስለሚጀምር፣ የውጭ ባለሙያውም ቢሆን ለበጀት ጥያቄ ሲጽፍ በእኛ አቆጣጠር ሊቆጥር ይችላል። ሁለተኛው ወጥመድ ስም ነው። ኮሌጁ ራሱ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ፣ ኋላም የጎንደር የሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ፣ ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ተብሏል። አገሩ ደግሞ ቤጌምድርና ስሜን ጠቅላይ ግዛት ነበር፤ ከአብዮቱ በኋላ ጎንደር ክፍለ ሀገር ሆነ፤ በአውሮፓውያኑ 1987 ሰሜንና ደቡብ ጎንደር ተብሎ ተከፈለ፤ ዛሬ ሳንጃ የማዕከላዊ ጎንደር ዞን የታች አርማጭሆ ወረዳ ከተማ ናት። የሳንጃን ጉዳይ የሚፈልግ ሰው በእነዚህ ሁሉ ስሞች ካልፈለገ በደጃፉ አልፎት ይሄዳል።

ሰነድ ማስቀመጥ ለጎንደር አዲስ ነገር እንዳልሆነ ታውቃላችሁ። በጎንደር ዘመን የርስትና የጉልት ስጦታ፣ የመሬት ሽያጭና ክርክር በቤተ ክርስቲያን ወንጌል ኅዳግና ባዶ ገጾች ላይ ይጻፍ ነበር። ምስክሮቹ በስም ይጠራሉ፣ አለቃው ይመዘገባል፣ አፍራሹም ይገዘታል። የታሪክ ምሁሩ ዶናልድ ክረሚ በአውሮፓውያኑ 2000 ያሳተመውን የኢትዮጵያን የመሬትና የኅብረተሰብ ታሪክ መጽሐፍ ሲጽፍ ብዙውን ማስረጃ ያገኘው ከእነዚህ የብራና ጽሑፎች ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አድባራት መጻሕፍት ሰብስበው ወደ መቅደላ ወስደዋል፤ በአውሮፓውያኑ 1888 ደርቡሽ ከተማዋን ሲያቃጥል ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ወድመዋል። ይህ ሁሉ ሆኖ እንኳ የተረፈው ብዙ ነው። ለምን ተረፈ? መሬቱ የተንጠለጠለው በዚያ ጽሑፍ ላይ ስለነበረ፣ የሚጠብቀው ሰው ነበረው። ካህኑም ባለ ርስቱም ይጠብቁታል። የ1960ዎቹ የጤና ጣቢያ መዝገብ ግን እንዲህ ያለ ጠባቂ የለውም። ርስት አያስገኝም፣ ግብር አያስቀርም። ካርዱ ሲሞላ ሌላ ይከፈታል፤ ያለፈው መጋዘን ይገባል፤ መጋዘኑ ሲሞላ ደግሞ ይቃጠላል ወይም ለሱቅ መጠቅለያ ይሸጣል። የኮሌጁ ታሪክ የሚደማው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ መዝገብ ቤቱ እንግባ። መንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሁሉ መዝገብ ቤት ምን እንደሆነ ያውቃል፤ የገቢና የወጪ ደብዳቤ መዝገብ፣ በገመድ የታሰረ ማህደር፣ የካርቦን ቅጂ። ብዙ ሰው ታሪክ ፍለጋ ሲገባ በቀጥታ ወደ ዓመታዊ ሪፖርቱ ይሮጣል። ዓመታዊ ሪፖርት ወደ ላይ የሚጻፍ ወረቀት ነው፤ ለሚኒስትሩ፣ ለእርዳታ ሰጪው። ስንት ተማሪ ተመረቀ፣ ስንት ቤት ተረጨ፣ ስንት ክትባት ተሰጠ ይላል። ጠቃሚ ነው፤ ግን የሚነግራችሁ ለአለቃ መነገር የነበረበትን ነው።

እኔ ከሪፖርቱ ይልቅ የንብረት ክፍሉን ወረቀት አስቀድማለሁ። ሞዴል 19 እና ሞዴል 22 ለብዙዎቻችሁ የሒሳብ ሹም ጣጣ ይመስላችኋል። ለታሪክ ጸሐፊ ግን ከሁሉ የታመነ ምስክር ነው፤ አንዱ ዕቃው ገቢ መሆኑን፣ ሌላው ለማን ወጪ እንደሆነ ከነፊርማው ያሳያል። ሪፖርቱ «ጤና ጣቢያው ላቦራቶሪ አለው» ሲል፣ ማይክሮስኮፑ በእውነት ከመጋዘን የወጣው መቼ እንደሆነ የሚነግራችሁ ሞዴል 22 ነው። መድኃኒቱ በክረምት መንገድ ሳይዘጋ ደርሷል? ወይስ ከመስቀል በኋላ፣ ወባው ከበረታ በኋላ? ይህን የሚመልሰው ቀኑ ነው። መኪናው ስንት ጊዜ ለጥገና እንደገባ፣ የበቅሎ ኪራይ ስንት እንደተከፈለ ከወጪ ማዘዣው ብታነቡ መንገዱ ምን ይመስል እንደነበር ማንም ሳይተርክላችሁ ታያላችሁ። የኮሌጁ ዋና ሐሳብ ባለሙያው ገጠር እንዲደርስ ነው፤ መድረስ አለመድረሱን የሚመሰክረው ደግሞ ይህ ወረቀት ነው። ንብረት ሲወገድ የንብረቱ ሰነድ አብሮ እንዳይወገድ የምለምነውም ስለዚህ ነው።

ሦስተኛው ዓይነት ወረቀት የተማሪዎቹ የመስክ ጽሑፍ ነው። የጎንደር ተማሪ ከቡድን ጓደኞቹ ጋር ወጥቶ ቀበሌውን ይቆጥራል፣ ምንጩን ይመረምራል፣ የሕፃናቱን ክብደት ይመዝናል፣ ያየውንም ይጽፋል። ይህ ልማድ ዛሬም አልቀረም፤ የዩኒቨርሲቲው የመጨረሻ ዓመት የጤና ተማሪዎች በቡድን ሆነው ወደ ወረዳ ከተሞች ይወጣሉ። የሃያ ዓመት ልጅ የጻፈው ስለሆነ ስሕተት አይጠፋበትም። ቢሆንም ከሚኒስቴሩ ሪፖርት የማታገኙት ነገር አለበት፦ ውኃው ከየት እንደሚቀዳ፣ ከብቱና ሰው አንድ ጣራ ሥር እንዴት እንደሚያድሩ፣ የወለደች እናት ማን እንደሚያርሳት።

የኮሌጁ ሰዎች ሥራቸው ፍሬ ማፍራቱን ለመለካት መሞከራቸውም መታወቅ አለበት። በአውሮፓውያኑ 1958 በኢትዮጵያ ደጋማ አገሮች ታላቅ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 ያህል እንደሞተ ተገምቷል፤ ይህን ግምት የያዘውን ጥናት ከጻፉት አንዱ በአዲስ አበባ የአሜሪካ እርዳታ የጤና ክፍል ኃላፊ የነበሩት ዶክተር ጁሊየስ ፕሪንስ ናቸው። እኚሁ ሰውና ባልደረቦቻቸው ከ1961 እስከ 1967 (በአውሮፓውያኑ) ጤና ጣቢያ ያለውን አካባቢ ከሌለው ጋር እያነጻጸሩ አጠኑ፤ ውጤቱም በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ወጣ። የጎንደር ምሩቃን ሥራ በቁጥር ተፈተነ ማለት ነው። ዛሬ «መረጃ ላይ የተመሠረተ» የሚለው አነጋገር የትም ይሰማል፤ ያን ጊዜ በበቅሎ እየተጓዙ ይህን ማድረግ ትልቅ ነገር ነበር፤ ሊከበርም ይገባዋል።

የማይጻፉት ሰዎች ግን ብዙ ናቸው። ተማሪውን ያሳደረችው እናት በየትኛውም ሰንጠረዥ የለችም። መንገድ የመራው ገበሬ፣ ሹፌሩ፣ ተራዳው፣ ድሬሰሩ ስማቸው ከደመወዝ ፔሮል በቀር አይገኝም። ድሬሰሩን በተለይ አንሡልኝ። በብዙ ቀበሌ ሕዝቡ «ሐኪማችን» ይለው የነበረው እሱን ነው፤ መርፌውን የወጋ፣ ቁስሉን ያጠበ፣ ሌሊት የተጠራ እሱ ነው። ከተማረው መኮንን በፊት ደርሶ፣ መኮንኑ ከተዛወረ በኋላም የቀረ እሱ ነው። ታሪኩን ከወረቀት አታገኙትም፤ ከሰው አፍ መቀበል አለባችሁ።

ከዚያ ደግሞ ወረቀቱ ራሱ ዝም የሚልበት ዘመን ይመጣል። በ1967 ዓ.ም. ተማሪውና መምህሩ በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ተሰማራ፤ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ። ቀይ ሽብር ሲመጣ ጎንደር ከሁሉ በከፋ ከተመቱት አንዷ ሆነች። በዚያ ዘመን ቤተሰብ የልጁን ደብዳቤ፣ ፎቶግራፍና የማስታወሻ ደብተር በገዛ እጁ አቃጠለ፤ አንድ ወረቀት አንድ ሰው ሊያስገድል ይችል ነበርና። ይህን ዘመን ከቢሮ ፋይል ብቻ የሚጽፍ ሰው የተማሪ ቁጥር መቀነሱን ያያል፤ የት እንደሄዱ አያይም። እናቶቻቸው ግን ያውቃሉ። ዕድሜያቸው የገፋ ስለሆነ ይህ ሥራ ለነገ የሚባል አይደለም።

በዚያው ዘመን የጤና መኮንኖች ሥልጠና ቆመ፤ በቦታው ከላይፕዚግ ጋር የሐኪሞች ትምህርት ገባ። ላይፕዚጎች ብዙ ሐኪም አፍርተውልናል፤ ውለታቸው ትልቅ ነው። የጤና መኮንን ሥልጠና መቆሙን ግን እኔ እንደ ጉዳት እቆጥረዋለሁ፤ ለገጠር የታሰበው ሙያ ሲቆም የቆላ ድባው ሐሳብ ተቋረጠ። ሥልጠናው ከዓመታት በኋላ ተመልሶ ተጀምሯል፤ መመለሱ ራሱ የፊተኞቹ ትክክል እንደነበሩ ይመሰክራል። ኮሌጁ በአውሮፓውያኑ 1992 ራሱን ቻለ፤ በ2004 ዩኒቨርሲቲ ሆነ።

እናንተ የት ናችሁ? ሳንጃ በኮሌጁ መዝገብ ውስጥ አለች፤ ያውም ብዙ። የሳንጃ ትምህርት ቤት ልጆች ሰገራ ተመርምሮ በአውሮፓውያኑ 2014 የታተሙ ጥናቶች አሉ፤ ቢልሃርዚያ እጅግ ብዙዎቹን ልጆች እንደያዛቸው፣ ወንዝ ገብቶ መዋኘትና መታጠብም ለበሽታው እንደሚያጋልጥ ይናገራሉ። ለአዝመራ ወደ ቆላ የሚወርዱ ሠራተኞችን ስለሚይዘው ካላዛርም ብዙ ተጽፏል፤ ጎንደር ውስጥ የሕክምናና የምርምር ማዕከል ተቋቁሞለታል። ዳባት ላይ ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ከ1996 (በአውሮፓውያኑ) ጀምሮ ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን ቤት ለቤት እየመዘገበ ይገኛል፤ ይህ በሕይወት ያለ ቤተ መዛግብት ነው።

ግን እነዚህ ጥናቶች የታተሙት በእንግሊዝኛ ነው። ጣቱን የተወጋው፣ ሰገራውን የሰጠው ልጅ ዛሬ ጎልማሳ ሆኗል፤ ምን እንደተገኘ ግን በአማርኛ ተጽፎ ትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ አልተለጠፈለትም። ዩኒቨርሲቲው ከዚህ ወረዳ የወሰደውን መረጃ ሁሉ በአማርኛ አሳጥሮ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤትና ለትምህርት ቤቶቹ መመለስ አለበት ብዬ በግልጽ እናገራለሁ። የሳንጃ ሕዝብ ሊጠይቀው የሚገባ መብቱ ነው፤ ጠይቁ።

በእናንተ በኩል ያለውንም ልንገራችሁ። የጤና ጣቢያና የሆስፒታል አሮጌ መዝገቦች እንዳይቃጠሉ። የመንግሥት መዛግብት እንዴት እንደሚጠበቁ የሚደነግግ ሕግ አለን፤ የብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አዋጅ ቁጥር 179/1991 ነው። ቆላ ላይ ትልቁ ጠላት ምስጥ ስለሆነ መዝገቡ መሬት ላይ አይቀመጥ፤ ከግድግዳ ራቅ ባለ የብረት መደርደሪያ ላይ ይሁን። ፎቶግራፍ ያላችሁ በጀርባው የሰዎቹን ስም፣ ቦታውንና ዓመቱን በእርሳስ ጻፉ፤ ቢክ ወደ ፊቱ ያልፋል። ዓመቱ በእኛ ይሁን በአውሮፓውያኑ አብራችሁ አመልክቱ። የድሮ ክሊኒክ ካርድ፣ የመሸኛ ደብዳቤ፣ የሥልጠና የምስክር ወረቀት ቤታችሁ ካለ በስልክ አንሡትና ዋናውን እናንተው ያዙት፤ ማንም «ለጥናት» ብሎ ወስዶ እንዳይቀር።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፤ ከሁሉም የሚከብደኝ እሱ ነው። የጤና መዝገብ የሰው ምሥጢር ነው። በውስጡ የአባላዘር በሽታ አለ፣ ያስወረደች ሴት አለች፣ በሥጋ ደዌ የተጠረጠረ አለ፤ ልጆቻቸው ዛሬ እዚሁ ሳንጃ ይኖራሉ። መዝገቡ መጠበቅ አለበት፤ ለማንም ግን ክፍት መሆን የለበትም። አጥኚ ቢመጣ ቁጥሩን፣ ወሩንና በሽታውን ይውሰድ፤ ስሙንና ቀበሌውን አይገልብጥ። የሰው ቃል በስልክ ስትቀዱም እንዲሁ ነው፤ መጀመሪያ ፈቃዱን በራሱ አንደበት ይናገርና ይቀዳ፤ ቅጂውም ለቤተሰቡ ይሰጥ። ከአብዮቱ በፊት በጤና ጣቢያ ያገለገሉ ድሬሰሮች፣ የወባ ሠራተኞች፣ አዋላጆች በመካከላችሁ ካሉ በእነሱ ጀምሩ። በየትኛው ዓመት ተቀጠሩ? ደመወዙ ስንት ነበር? ከጎንደር መድኃኒቱን ማን ያመጣው ነበር፣ በምን?